ያን ሁሉ ሰፊ ሱሪ ማን አለበሰን?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። የ1996 ጥምቀት፣ ጃን ሜዳ። አራት የሰፈር ልጆች ተቃቅፈን ቆመናል። እያንዳንዱ ሱሪ ከባለቤቱ ሌላ አንድ ሰው ጨምሮ ይይዛል፤ ጫፉ ጫማችንን ውጦ የጃን ሜዳን አቧራ ይጠርጋል። ሸሚዞቻችን ጉልበት ሊነኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። አንደኛው ጓደኛችን በአንገቱ ገመድ ሞባይል አንጠልጥሏል፤ ሲም ካርድ ግን የለውም፤ ይህንን ከአራታችን በስተቀር ማንም አያውቅም ነበር። ባለፈው ሰሞን የ12 ዓመቷ ልጄ ፎቶውን ከአልበም አውጥታ አገላብጣ አየችና ልብሱን ከማን ተውሰነው እንደነበር ጠየቀችኝ።

መልስ ስላጣሁ ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ወደምንወያይበት መድረክ አመጣሁት። በ1990ዎቹ ያገሩን ወጣት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰፊ ሱሪ ያለበሰው ማን ነው? የራሴን ግምትም አብሬ አስቀመጥኩ፤ ቪዲዮ ቤቶች ናቸው ብዬ። ሳንቲም ከፍለን፣ መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ያየነውን ነው ወጥተን የለበስነው። ቱፓክ መስከረም 1989 ላይ ሲሞት ከዘፈኑ አንድም ቃል የማንረዳ ብዙ ነበርን፤ ፊቱ ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሚኒባስ ታክሲ የኋላ መስታወት ላይ፣ በካናቴራ ላይ፣ በፀጉር አስተካካይ ቤት ግድግዳ ላይ አብሮን ኖሯል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ብዬ ነበር። እርግጠኛነቴ እስከ 6ኛው መልስ ድረስ ብቻ ቆየ።

1ኛው መላሽ ትሑት ሰው ነው። አመሰገነኝ፣ በሐሳቤ ተስማማ፣ ፎቶውን እንድለጥፈው ጠየቀኝ። አልለጠፍኩትም፤ ከአራታችን አንደኛው ዛሬ ቄስ ነው፤ ምእመናኑ ያንን ሱሪ ባያዩት ይሻላል። 2ኛው ሬዲዮን ጨመረ፤ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከተማው ወጣት በአንድ ሰዓት አንድ ዘፈን መስማት እንደ ለመደ፣ አንድ ዘፈን የሚሰማም አንድ ዓይነት መልበሱ እንደማይቀር አስረዳ። 3ኛው ነገሩን ጠቅልሎ ለቴዲ አፍሮ የ1997 አልበም ሰጠው። 4ኛው ከዋሽንግተን ነው የጻፈው፤ ስለ ራፐሩ ኤም ሲ ሐመር ሱሪ፣ ጎንና ጎኑ ተላጭቶ አናቱ ላይ እንደ ሳጥን ስለሚቆም ፀጉር ረጅም ትዝታ አወረደ። ጥሩ ትዝታ ነው፤ ዘመኑ ግን ሌላ ነው። 5ኛው ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ አረማቸው። ለዋሽንግተኑ ሰው ጥያቄው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን፣ እሱ የሚያወራውም ስለ 1980ዎቹ እንደሆነ ነገረው፤ ለ3ኛው ደግሞ የቴዲ የመጀመሪያ አልበም በ1993 መውጣቱን፣ ሱሪውም ከ1997 እጅግ ቀድሞ መስፋቱን አስታወሰው። 4ኛው ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ የመልሶች ክር ውስጥ ይቅርታ የተጠየቀው ያኔ ብቻ ነው።

6ኛው ልብስ ሰፊ ነው። መርካቶ፣ ሰልባጅ ተራ አጠገብ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና 11 ዓመት ሠርቷል። የቪዲዮ ቤቱን ነገር ተረት ነው ብሎ ጀመረ። እሱ እንደሚለው ሱሪውን ያሰፋው ቦንዳው ነው። ቦንዳ ተፈትቶ የሚወጣው ልብስ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የጠገበ ሰው ለብሶ የተወው ነው፤ ወገቡ 40፣ 42፣ አንዳንዴም 44። የገዢው ልጅ ወገብ ደግሞ 28 አይሞላም። ልጁ ሱሪውን በክንዱ ላይ አጣጥፎ በረንዳው ድረስ ይመጣል። ወገብ ማጥበብ ቀላል ነው፤ ከኋላ መሐል ያለው ስፌት ይተረተራል፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። እግር ማጥበብ ግን ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በግራም በቀኝም መተርተር፣ መቁረጥና እንደገና መስፋት ስለሚጠይቅ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ልጁ የወገቡን ብቻ ይከፍላል፤ እግሩ ፈረንጁ እንደተወው ይቀራል። ምልክቱንም ነገረን። ወገብ ከኋላ በብዙ ሲጠብ ሁለቱ የኋላ ኪሶች እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ ሊሳሳሙ ይደርሳሉ። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ከፊቱ የሚሄደውን ወጣት ሁሉ ከኋላ ኪሱ ያውቀው እንደነበር፣ አንዳንዴም የየትኛው በረንዳ ሥራ እንደሆነ ይለይ እንደነበር ጻፈ።

ይህን ሳነብ እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ ኪሴ እንደሄደ አልደብቅም። 7ኛው ስለ ራሱ ኪሶች ብቻ ነው የጻፈው፤ ሁለቱ ከመጎራበታቸው የተነሣ ማበጠሪያውን የትኛው ውስጥ እንደከተተ ይጠፋው ነበር።

የመጀመሪያው ቁጣ የመጣው ከ8ኛው ነው። አባቱ ፒያሳ ካለ ሱቅ አዲስ ልብስ ይገዙለት እንደነበር፣ ዕቃውም በነጋዴ ሻንጣ ከዱባይ የመጣ እንደነበር፣ እሱ በዕድሜው ሰልባጅ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ሱሪው ግን ልክ እንደ ሌላው ሰው ሰፊ እንደነበር ተናገረ። ያሰፋው ድህነት ከሆነ፣ ሰፊውን በአዲስ ዋጋ የገዛው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ ልብስ ሰፊው ያስረዳው ዘንድ ጠየቀ። አነጋገሩ ባያስደስትም ጥያቄው ጥያቄ ነው። 9ኛው ግን ጥያቄውን ትቶ አባትየውን ያዘ፤ የፒያሳ ሱቅ ያሳደገው ልጅ ስለ አገሩ ወጣት ምን ያውቃል የሚል ይዘት ያለው አሽሙር ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በእርስዎ ነበር የሚነጋገረው፤ ከ9ኛው ወዲህ አንተ ሆነ። ከ10 እስከ 13 ያሉትን ባላነብ ይሻለኝ ነበር።

14ኛዋ ከድሬዳዋ ናት፤ በድሬ ሰው ደንብ ነገሩን ወደ ሳቅ መለሰችው። አዲስ አበቤዎች ልብስ መርካቶ ውስጥ የሚበቅል ይመስላችኋል ብላ ተሳለቀችብን። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ክልክል እንደነበር፣ ስለዚህ ቦንዳው ሁሉ በኮንትሮባንድ ከሐርጌሳ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅጅጋ፣ ከጅቡቲም በባቡር ወደ ድሬ ይገባ እንደነበር አስረዳች። አክስቷ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ባቡር ላይ የሚወጡት ቀጭን ሆነው፣ የሚወርዱት ወፍረው ነው። ሰባት ጉርድ ቀሚስ ደራርበው፣ በዚያ በድሬ ሐሩር፣ የጉምሩክ ፖሊሱን፣ ፊናንሱን፣ ላብ በላብ ሆነው ሰላም ይሉት ነበር። ፊናንሱም ያውቃል፤ በበጋ የሚወፍር ሰው ማን ነው? አክስትየው ቤት እንደገቡ እየተሸከረከሩ ልብሱን ሲያወልቁ ሕፃናቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይቆጥሩ ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር፤ እሷ ግን ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ጥሩ ጥሩውን የድሬ ወጣት መርጦ ከወሰደ በኋላ የተረፈው ነው አዲስ አበባ የሚላከው ብላ ጨመረች። ስለዚህ አዲስ አበባ ፋሽን ያለው ድሬ የናቀውን ነው። 15፣ 16 እና 17 በዚህ ተቆጥተው ጻፉ፤ 18ኛው ሐረርን አስገባ። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። እኔ ከሁሉም የአክስትየውን ሰባት ቀሚስ ወድጃለሁ።

ቀጥሎ ክሩ ወደ ኳስ ሄደ፤ መቼስ አይቀርለትም። 19ኛው ሰው ሱሪውን ትቶ ስለ ማሊያ አነሣ። በ1996፣ አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ በበላበት ዓመት፣ ዲኤስቲቪ በሚያሳየው ቤት ውስጥ ደረቱ ላይ ጄቪሲ የሚል የአርሰናል ማሊያ ለብሶ ሲጨፍር እንደነበር፣ ማሊያው እንደ ቀሚስ ይሰፋው እንደነበር ተረከ። 20ኛው ዝም ብሎ አላለፈውም። ጄቪሲ ከአርሰናል ደረት ላይ የወረደው በ1991 ነው፤ ከዚያ ሴጋ፣ በ1996 ደግሞ ኦቱ ነበር፤ ስለዚህ 19ኛው ወይ ዓመቱን ተሳስቷል ወይ አርሰናልን አይደግፍም። 21 ላይ 19ኛው ተመልሶ መጣ፤ ስሙን እንደተሰደበ ሰው ነው የጻፈው። ማሊያው ጄቪሲ ነበር፣ ዓመቱም 1996 ነበር፣ ፎቶም አለው።

22ኛውን የጻፈው ልብስ ሰፊው ነው፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል አለ። ማሊያው የተሠራው ጄቪሲ ሳለ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ጎልማሳ ለብሶ ለብሶ፣ ሲጠላው ለምጽዋት ሰጥቶ፣ ቦንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ኮንትሮባንድ ሆኖ 19ኛው ደረት ላይ እስኪደርስ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። ስፋቱም የእንግሊዙ ጎልማሳ ስፋት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቪዲዮ ቤቴን ዘግቼ ቁልፉን ለልብስ ሰፊው አስረከብኩ። እስከ 26 ድረስ የተጻፈው ስለ ቲየሪ ኦንሪ ነው፤ የሚወድ ያንብበው።

27ኛዋ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብላ ስታነብ የቆየች ይመስለኛል፤ ስትጽፍ አንድም ሰላምታ አላስቀደመችም። ይህን ሁሉ ቀን ስለ ወንዶች እግር ስትነታረኩ በዚያ ዘመን ሴት የሚባል ወጣት በአገሩ ላይ እንዳልነበረ አደረጋችሁት አለች። ከዚያ ስለ ራሷ ጻፈች። የፋሲካ ዋዜማ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሃያ ሴት፣ አንድ ካስክ። ቢጉዲን ተጠቅልሎባት ሦስት ሰዓት ወረፋ ጠብቃ፣ ካስኩ ሥር እንደገባች መብራት ሄደ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ካውያውን ከሰል ላይ አግላ የቀረውን ስትተኩስ የግራ ጆሮዋን ላጠችው። ምልክቱ ዛሬም አለ። እንዲያም ሆና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሁሉም አማረች፤ ለጆሮዋ ግድ አልነበራትም።

ከፀጉሩ ቀጥላ ወደ ልብሱ መጣች፤ የክሩ ሁሉ ሚዛን የተገለበጠውም እዚህ ላይ ነው። ወንዶቹ በሰፊ ሱሪ ሲዋኙ፣ እሷና ጓደኞቿ ቦዲና ስትሬች ነበር የሚለብሱት፤ ካልተጣበቀ አይለበስም። ስትሬች ያላገኘችው ጂንስ ትገዛለች። ጂንሱ ከዚያው ከሰልባጅ ነው፤ ከዚያው ከወፍራም ፈረንጅ። ይዘውት የሚሄዱትም ወደዚያው ወደ በረንዳ ነው። ወገቡንም እግሩንም አስጠብበው፣ ሦስት እጥፉን ከፍለው ይወጡ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከምሳ። እሷ ለሁለት ሳምንት ምሳ ሳትበላ አንድ ሱሪ አስጠብባለች፤ ወንድሟ ግን ከእሷ የሚሻል የኪስ ገንዘብ እየተሰጠው እግሩን አላስጠበበም። ስላልፈለገ ነው። ሰፊው ስላማረበት ነው። ወንዶች ሲያምርባቸው መልበሳቸውን ማመን ለምን እንደሚያሳፍራቸው፣ ለምን በቦንዳና በዋጋ እንደሚያሳብቡ አይገባትም።

ልብስ ሰፊው 28ኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያው ድፍረት አልነበረውም። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ቤታቸው ነበር የሚያጠብቡት አለ። 29 ላይ በአንድ መስመር መለሰችለት፤ እሷ ከፍላለች፣ ደረሰኝ ግን አልቆረጠላትም።

በመሐል አንድ ገሣጭ ገባ፤ 30ኛው። ያ ዘመን ወጣቱን እንዳበላሸ፣ ከወገብ በታች የሚወርድ ሱሪና በወንድ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ሎቲ ባህላችንን እንደገደለ አስተማረን። መልሱ ከአንድ አዛውንት መጣ። 31ኛው በመጋቢት 1960 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ የባዕድ ባህል ነው ብለው በተቃውሞ ካወኩት ተማሪዎች መካከል አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን እርሳቸው ራሳቸው ፀጉራቸውን አፍሮ አሳድገው፣ ጫፉ እንደ ደወል የተከፈተ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው ፒያሳ ይንሸራሸሩ ነበር። ያኔ ተሳደበብኝ የሚሉት ሰው እንደ 30ኛው ያለ ነበር። ከዚህ በኋላ ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ጋሼ እያለ ወደ እርስዎ ተመለሰ።

32ኛው ከእስራኤል ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የተመላለስኩበት መልስ ይህ ነው። እሱና ጓደኞቹም ሰፊ ሱሪና የቱፓክ ካናቴራ ይለብሱ ነበር፤ ልብሱ ግን ከቦንዳ የመጣ አይደለም፣ አልጠበበምም። ጥር 1988 ላይ የቤተ እስራኤል ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ በታወቀ ጊዜ እሱ ልጅ ነበር፤ አባቱ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥተው ዓይናቸው በጢስ ቀልቶ ሲመለሱ አይቷል። አባቱ ደም ለጋሽ ነበሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቁር መሆኑን የነገሩት ሌሎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ሆኖ አንገቱን ያላቀረቀረ ሰው ሲፈልግ ያገኘው በቴሌቪዥን ከአሜሪካ ነው። በእናንተ ዘንድ ስለ ኪስ መቀራረብ የሚሳቅበት ሱሪ በእኔ ዘንድ ሌላ ነገር ነበር ብሎ ጨረሰ። አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስለት አላወቅኩም፤ ቪዲዮ ቤቱን ቶሎ እንደዘጋሁት ግን ተሰማኝ።

ዝምታውን የሰበረው 33ኛው ወታደር የነበረ ሰው ነው። በ1991 ወደ ግንባር ሲሄድ የሰፈሩ ልጆች ልክ የሆነ ሱሪ ለብሰው ሸኙት። በ1993 ሲመለስ ታናሽ ወንድሙ በር ላይ የቆመው ሁለት እግሩን ሁለት ጆንያ ውስጥ ከትቶ ነው። ወንድሙን አቅፎ የመጀመሪያ ያሰበው ነገር በዚህ ሱሪ እንዴት ይሮጣል የሚለው እንደነበር ጻፈ። ሌላ አልጨመረም።

34ኛው ወደ ቀላሉ መለሰን። ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት በሚሞላው ዕለት፣ ጥር 29 ቀን 1997፣ በመስቀል አደባባይ በነበረው ኮንሰርት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተጠለፈ ኮፍያ ገዝቶ ቤት ሲገባ እናቱ ደነገጡ። የምርጫ ዓመት ነው፤ ልጃቸው ፓርቲ የገባ መሰላቸው። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ንገረኝ ብለው ሌሊቱን ሙሉ አላስተኙትም። በገዛ ባንዲራው ቀለም በገዛ እናቱ ቤት ለመጠርጠር ጃማይካ ደርሶ መምጣት ነበረበት። 35ኛው ጃንሆይ በ1958 ጃማይካ ስለሄዱበት ጉብኝት፣ 36ኛው በፎቶዬ ላይ ስላለው ሲም ካርድ የሌለው ሞባይል ጻፉ፤ የኋለኛው እሱም እንዲሁ ያደርግ እንደነበር አምኗል። 37ኛዋ ከቤይሩት ናት። ለወንድሟ በየዓመቱ ጂንስ ትልክ ነበር፤ ልኩን የምትገምተው ግን ከአገር ስትወጣ በነበረበት ቁመት ነው። ልጁ በዚያ በሰፊው ዘመን ቁርጭምጭሚቱ የሚታይ ጠባብ ሱሪ ለብሶ አደገ። እህቱ የላከችውን አልለብስም አላለም። የሰፈሩ ሰው ለስንት ዓመት እንደሳቀበት የሰማችው እሱ ካገባ በኋላ ነው።

ሰፊው ሱሪ መቼ አበቃ የሚለውን ያነሣው 38ኛው ነው። ጥቅምት 2000 ቢዮንሴ ሚሊኒየም አዳራሽ ስትዘፍን እሱ በሰፊ ሱሪው ሄዶ ነበር፤ ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ጠብቧል። ማንም አልነገረውም። ወደ ቤቱ የተመለሰው በእግሩ፣ በጨለማ በኩል ነው።

39ኛው ያው ልብስ ሰፊው ነው፤ ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን እንዳሰበበት ያስታውቃል። በ1999 እና በ2000 እነዚያው ልጆች እነዚያኑ ሱሪዎች ይዘው ወደ በረንዳው ተመለሱ። እግሩን አጥብብልን አሉት። ሦስት እጥፉን ነገራቸው፤ ሳይከራከሩ ከፈሉ። በ11 ዓመት ውስጥ እንደዚያ ዓመት ሠርቶ አያውቅም፤ ሁለተኛ መኪና የገዛው ያኔ ነው። ገንዘቡ ለካ ነበራቸው። ይህን ጽፎ ሲያበቃ 27ኛዋን በቁጥሯ ጠርቶ፣ ነገሩ እሷ እንዳለችው ሳይሆን እንደማይቀር ጨመረ። 40 ላይ አመሰገነችውና ደረሰኙን አሁንም እየጠበቀች መሆኗን አስታወሰችው።

እኔን ግን ልብስ ሰፊው በቀላሉ አልለቀቀኝም። ፎቶው ከፊት የተነሣ ስለሆነ ምንም አይናገርም፤ ሱሪው ራሱ ካለ የኋላ ስፌቱን አይቼ እንድነግረው አዘዘኝ። ስፌቱ ከተነካ ቦንዳ ነው፤ ካልተነካ እንደ 8ኛው ሰው ፈልጌ ገዝቼዋለሁ ማለት ነው። እኔ ማን እንደገዛው እንኳ አላስታውስም። እሑድ ዕለት እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ ምንም ነገር አይጥሉም፤ ሱሪውንም አልጣሉትም። ሁለቱን እግሮች ቆርጠው ሁለት የሶፋ ትራስ ልብስ ሰፍተውበታል፤ ሃያ ዓመት ተደግፌበት ቡና ስጠጣ አላወቅኩትም። ወገቡንና ኪሶቹንስ አልኳቸው። ከአሮጌ ሹራብና ካልሲ ጋር አንደኛው ትራስ ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ረስተዋል። መቀስ ሳነሣ አዩኝ። ክሩን ለሚከታተል ሁሉ ይታወቅልኝ፤ እናቴ ትራሳቸውን አላስፈታም ብለዋል።